ወደ ላይ የዞሩ እሾሆች

የእቴቴ ሥራ የፌንጣ እግር መቀጠል ነው። ይህን የሰማ ሰው መጀመሪያ ይስቃል። ፊቷን አይቶ እንዳልቀለደች ሲረዳ ደግሞ «ለምን ተብሎ?» ይላታል። «እግር ማደጉን መቼ እንደሚያቆም ማን እንደሚነግረው ለማወቅ ነዋ» ትላለች። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ወሬ ይለውጣል።

በቤተ ሙከራው ከኃላፊው እስከ በር ጠባቂው ድረስ እቴቴ የማይላት የለም። በወጣትነቷ የተቀጠረችው ዕቃ ለማጠብ ነበር። ከዚያ በፊት በታላቅ እህቷ ልብስ ስፌት ቤት ቁልፍ ስትተክልና ጠርዝ ስትዘመዝም ነው ያደገችው፤ እጇ አይንቀጠቀጥም። እግር ይቀጥል የነበረው ሰው ሥራውን ሲለቅ ኃላፊው፣ ያኔ ፀጉሩ ገና አልሸሸም፣ ምላጩን አስይዞ ሞከራት። ከዚያ ወዲህ ከማይክሮስኮፑ ፊት ያለው ወንበር የእሷ ሆነ። ተማሪዎች ይመጣሉ፣ ይመረቃሉ፣ ይሄዳሉ። እሷ እዚያው ናት።

ክፍሉ ከኮሪደሩ ጫፍ ነው። ዓመቱን ሙሉ ይሞቃል፤ የፉርሽካና የቆየ ካሮት ሽታ አለው። መደርደሪያው ላይ በተደረደሩት የፕላስቲክ ሳጥኖች ውስጥ ፌንጦች የእንቁላል ካርቶን ጉድጓድ ውስጥ ተሸጉጠው ይኖራሉ። ወንዶቹ ክንፋቸውን እያፋጩ ቀኑን ሙሉ ይጮኻሉ። እንግዳ ሰው ራሱን ያመዋል። እቴቴ ጩኸቱን የምትሰማው ሲቆም ብቻ ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። ገና ክንፍ ያላወጡ ልጅ ፌንጦች በረዶ ላይ ተደርገው ይፈዛሉ፤ ከዚያ በሁለት ሳህን ይከፈላሉ። የአንደኛው ሳህን ፌንጦች የኋላ እግራቸው ቅልጥም ከጉልበት ሥር ይቆረጣል፤ የሚቀረው አጭር ጉቶ ነው። የሁለተኛው ሳህን ፌንጦች ደግሞ ቁርጭምጭሚታቸው አጠገብ ይቆረጣሉ፤ ከእነሱ የሚፈለገው የወደቀው ጫፍ ነው። ሁሉም የየራሳቸው ቁራጭ ከጎናቸው እንደተቀመጠ፣ ደማቸው እስኪገታ ለጥቂት ጊዜ ወደ በረዶው ይመለሳሉ። ቀጥሎ ጫፉ ተነሥቶ በመጀመሪያዎቹ ጉቶ ላይ ይሰካል። ክር የለም፣ ሙጫ የለም፤ የፌንጣዋ ደም ረግቶ ይይዘዋል። እህቷ ይህን ስትሰማ «ያለ ክር የሚሰፋ ሰው ደመወዝ ይቀበላል?» ብላ ነበር።

እንግዲህ የተቀጠለው እግር ጉልበቱ አለ፣ ጫፉ አለ፣ መሀሉ የለም። ፌንጣዋ ቅርፊቷን ጥላ ስታድግ መሀሉ ይሞላል። ደግማ ስትጥል ይበልጥ ይሞላል። ከሌላኛው እግር ጋር ሲስተካከል ደግሞ ያቆማል። አይተርፍም፣ አይጎድልም።

ይህን ኃላፊው ያስረዳት አንድ ጊዜ ደረጃ ሲወርዱ ነው። «ቅልጥሙን እንደ ቁልቁለት ይቁጠሩት» አላት። ላዩ ጉልበት፣ ታቹ ቁርጭምጭሚት። ጥቂት ዘረመሎች ተባብረው እያንዳንዱ ሕዋስ ከቁልቁለቱ የቱ ጋ እንደቆመ ይነግሩታል። መሀሉ ተቆርጦ ሲወጣ ቁልቁለቱ ገደል ይሆናል። አፋፉ ላይ የቆሙት ሕዋሳት ጎረቤታቸው እታች ወርዶ ሲያገኙት መራባት ይጀምራሉ፤ ገደሉ ሞልቶ እንደ ቀድሞው በዝግታ የሚወረድ እስኪሆን ድረስ። ሌሎች ዘረመሎች ደግሞ ልጓም ናቸው፤ «ይበቃል» ባዮቹ እነሱ ናቸው። ቅልጥሙ ላይ የተደረደሩት ጥቃቅን እሾሆችም ቁልቁለቱን ተከትለው ወደ ታች ይተኛሉ። ምናልባት አንድ ሰው ተሳስቶ ከታች በተቆረጠ እግር ላይ ከላይ የተቆረጠ ቁራጭ ገጥሞ የቁልቁለቱን ላይና ታች ቢገለብጠው ሕዋሳቱ ያንንም መሙላታቸው አይቀርም፤ ግን እየወጡ ነው የሚሞሉት፣ እሾሁም ወደ ላይ ይዞራል፤ እግሩም ከልኩ ያልፋል። እቴቴ ከነገሩ ሁሉ የእሾሁን በደንብ ያዘች። ልብስ ሰፊ ቤት ያደገ ሰው ነገር ወዴት እንደሚተኛ ማየት ይቀናዋል።

ከዓመታት በኋላ እሾሆቹ ጠፉባት። መጀመሪያ መብራቱን ጠረጠረች፤ አምፖሉን አስለወጠች። ቀጥሎ የማይክሮስኮፑን መስተዋት ጠረጠረች፤ ወለወለችው። ዓይን ሐኪሙ ግን አላመነታም። ሞራ ነው፣ ሁለቱም ዓይን ላይ፤ በቀዶ ጥገና ይወጣል፤ እስኪሽር ግን ማይክሮስኮፕ መንካት የለም አላት። «እመለሳለሁ» ብላ ወጣች፤ አልተመለሰችም። ቢላዋውን ፈርታ አልነበረም። የተለቀቀ ወንበር ባዶ እንደማያድር ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። እሷ ራሷ የተቀመጠችበት እንዲያ ሆኖ ነው።

ሆድ ይፍጀው አለችና በዓይኗ ፋንታ ልማዷን አሠራችው። ጉቶዎቹ ሁልጊዜ በግራ ሳህን፣ ጫፎቹ ሁልጊዜ በቀኝ ሳህን። በማይክሮስኮፑ የሚታየው መገጣጠሚያው ብቻ ነው፤ እሱን በጭጋግ ውስጥም ቢሆን ትለየዋለች። የቀረውን እጇ ያውቀዋል። ከቀኝ ታነሣለች፣ ግራው ላይ ትሰካለች። ማንም አልነቃባትም። ሥራዋም አልተበላሸም፤ እንዲያውም ከቀድሞው ፈጠን ብላ ነበር፤ ማየት ጊዜ ይወስዳል።

በዚህ መሀል ነው ተማሪዋ የመጣችው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ስትራመድ ኮሪደሩ የሚጠባት ልጅ ናት። እቴቴ ጥድፊያ ብላ ስም አወጣችላት። ልጅቱ ስሙን ወደደችው፤ ስልክ ስታነሣ ሳይቀር «አቤት፣ ጥድፊያ ነኝ» ትላለች። ሻይ ስታመጣ ሁለት ብርጭቆ ይዛ ነው፤ የራሷን ግን ሳትጨርስ ትሄዳለች።

የተማሪዋ ጥያቄ ስለ ልጓሙ ነበር። ከልጓሞቹ አንዱን ዘረመል ዝም የሚያሰኝ ፈሳሽ ፌንጦቹን ትወጋለች። «ይበቃል» የሚል ሲጠፋ የተቀጠለው እግር ከልኩ ያልፋል ወይስ አያልፍም? ካለፈ መመረቂያ ጽሑፏ አማረ ማለት ነው። ሩቅ ያለ አንድ ትልቅ ቤተ ሙከራም ውጤቱን ካየ በኋላ ቦታ ሊሰጣት አስቧል። እናቷና ወንድሞቿ ይህን ቦታ እየጠበቁ መሆኑን ለእቴቴ አንድ ጊዜ ነግራታለች፤ ሁለተኛ አላነሣችውም።

መጀመሪያ የተቀጠሉት ለማነጻጸሪያ የተያዙት፣ ያልተወጉት ናቸው። እነሱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያሰናዳችው እቴቴ ናት። የተወጉት ተራ በደረሰ ቀን ግን ተማሪዋ ልታግዝ ገባች። እቴቴ ቆርጣ ከጨረሰች በኋላ እጇን ልትታጠብ ወጣ አለች። ልጅቱ ሳህኖቹን ከበረዶው አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አዘጋጅታ ጠበቀቻት። ግራ እጇን የምትጠቀም ልጅ ናት፤ ሰው ደግሞ ዕቃ የሚያስቀምጠው ለራሱ እጅ እንዲመች አድርጎ ነው። ጉቶዎቹ በቀኝ ተቀመጡ፣ ጫፎቹ በግራ።

እቴቴ ተቀመጠች። ከቀኝ አነሣች፣ ግራው ላይ ሰካች። ያነሣችው ከጉልበት ሥር የተቆረጠውን፣ ሊጣል የነበረውን ረጅም ቁራጭ ነው። የሰካችው ቁርጭምጭሚቱን ብቻ ባጣ እግር ላይ ነው። መገጣጠሚያው ቆንጆ ነበር። ፌንጦቹ ወደ ሳጥናቸው ተመለሱ፤ ቁስላቸው እስኪደርቅ የሚነካቸው የለም፣ የሚለካቸውም የለም። የቀረው ቁራጭ ተጠርጎ ወደ መጣያው ሄደ።

ፌንጦቹ አደጉ። አንድ ጠዋት ተማሪዋ ከኮሪደሩ ጫፍ እየሮጠች መጥታ እቴቴን ከነወንበሯ አቀፈቻት። ያልተወጉት እግራቸው ልክ ነው። የተወጉት እግር ግን የሌላውን እግር አልፎ ሄዷል፤ ፌንጣዋ የሰው ምርኩዝ ተውሳ የምትራመድ ትመስላለች። ኃላፊው ፎቶውን ከርቀት አየና «ይኼማ ልጓም ሳይሆን መዝጊያ ነው የፈታሽው» ብሎ ሳቀ። በፈታኞቹ ፊት የምታቀርብበት ቀን ተቆረጠ። ፎቶው መጀመሪያ እንዲታይ ተወሰነ። እቴቴም ደስ አላት። ከልቧ ነው ደስ ያላት።

እቴቴ የምትኖረው ከእህቷ ጋር፣ ከስፌት ቤቱ ጀርባ ባለው ክፍል ነው። በዚያ ሰሞን እህቷ ለአንድ አዳራሽ መጋረጃ ትሰፋ ነበር፤ ከባድ ቀይ ከፋይ። ቤቱ በጨርቅ ተሞልቶ ወንበርና አልጋ አይለይም። እቴቴ ከሥራ ስትገባ እህቷ መርፌና ክር ሰጠቻት። እቴቴ ክሩን በምራቋ አሾለች፣ ሰደደች፤ ሳተች። ደግማ ሰደደች።

«የፌንጣ እግር ትሰፋለች የተባለችው እህቴ መርፌ አቃታት» አለች እህቷ። «ስጪኝ፣ ለፌንጦቹም አዘንኩ።»

 እህቷ ክሩን በመርፌው ስትሰድ እቴቴ መጋረጃውን አነሣችና በመዳፏ አለሰለሰችው። ከፋይ ፀጉር አለው፤ ወደ አንድ አቅጣጫ ይተኛል። እጇ በአንደኛው ቁራጭ ላይ ተንሸራቶ ወረደ። ቀጣዩ ላይ ሲደርስ ሻከራት፣ እጇን መለሰው።

«ይቺኛዋ ተገልብጣለች» አለች።

እህቷ መጣች፣ ጨርቁን በመስኮቱ በኩል ዘርግታ አየች። ቀለሙ አንድ ነው፤ ብርሃኑ ሲያርፍበት ግን አንዱ ቁራጭ ጠቁሯል።  «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አለች እህቷ በመጨረሻ፣ መተርተሪያዋን እየፈለገች። «ዓይኔ አላየውም፤ አንቺስ በምን አወቅሽ?»

«በእጄ።»

ይህን ስትል እቴቴ እጇን ከጨርቁ ላይ አላነሣችም። ስለ መጋረጃው ማሰብ ትታ ነበር።

በማግስቱ ከሁሉ ቀድማ ገባች። ፌንጣ የጣለችውን ቅርፊት ካልቀደሟት ትበላዋለች፤ ተማሪዋ እየቀደመች የእግሩን ቅርፊት በትንንሽ ብልቃጥ ሰብስባ ነበር። እቴቴ ካልተወጉት አንዱን አወጣች፣ በሁለት ጣቷ መሀል ከጉልበቱ ወደ ታች ሳበችው። እንደ ሐር ሄደ። ከተወጉት አንዱን አወጣችና ሳበችው። ሄደ፣ ሄደ፣ መሀሉ ላይ ያዛት። ቆዳዋን ቆነጠጣት። አልፎ እንደገና ለሰለሰ። ሌላ ብልቃጥ ከፈተች። ያዛት። ሌላ ከፈተች።

ብልቃጦቹን መልሳ ከድና ተቀመጠች። ዝም ብትል የሚሆነውን አሰበች። ልጅቱ ታቀርባለች፣ ይጨበጨባል፣ ትሄዳለች። እዚያ ሩቅ አገር ሥራውን የሚደግመው ሰው ይኖራል፤ እግሩ አይረዝምለትም፤ ልጅቱን ይጠይቃታል። ልጅቱ መልስ የላትም፤ የማታውቀውን አትመልስም። ብትናገርስ? ልጅቱ ያላትን ታጣለች፣ እሷ ወንበሯን ታጣለች። ፌንጦቹ ይጮኻሉ። እቴቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳያቋርጡ ሰማቻቸው።

ተማሪዋ የምታቀርበውን ንግግር ለራሷ እያነበነበች ገባች።

«ጥድፊያ፣ ቁጭ በይ።»

«ቆሜ እሰማለሁ፣ እቴቴ።»

«ተቀምጠሽ የሚሰማ ነው።»

ልጅቱ ሳቀች፤ ሰርግ የምትነገር መስሏት ነበር። ተቀመጠች። እቴቴ ቅርፊቱን መዳፏ ላይ አኖረችላትና ዓይኗን ጨፍና ከጉልበቱ ወደ ታች እንድትስበው ነገረቻት። ልጅቱ ሳበች። መሀሉ ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። ከዚያ ተነሥታ ቅርፊቱን ማይክሮስኮፑ ሥር አደረገችው፤ አጎንብሳ ቆየች።

«እሾሁ ወደ ላይ ነው» አለች። ቀና ሳትል ቀጠለች፦ «ልጓሙ ሲጠፋ አቅጣጫውም አብሮ ይጠፋ ይሆናል። ይኼ ደግሞ ራሱን የቻለ ግኝት ነው።»

«በሆነ ደግ ነበር። ገልብጬ የቀጠልኩት ግን እኔ ነኝ።»

«በምን ያውቃሉ?»

«ስላላየሁ።»

ልጅቱ ቀና አለች። እቴቴ ስለ ሞራው፣ ስለ ግራና ቀኝ ሳህኑ፣ ሳትመለስበት ስለቀረችው ሐኪም በአጭሩ ነገረቻት። ሰበብ አላበዛችም። ልጅቱ እያዳመጠች ወደ ጠረጴዛው ትመለከት ነበር፤ የዚያን ቀን ሳህኖቹን እንዴት እንዳስቀመጠች እጇ እያስታወሳት መሆኑ ያስታውቃል።

«እስከ ዛሬ ምነው ዝም አሉ?»

«እሾሁን ያወቅኩት ዛሬ ነው። ዓይኔን ግን ዓምና ነው ያወቅኩት። የዓምናው ነው ጥፋቴ።»

ልጅቱ መስኮቱ ጋ ሄደች፣ ተመለሰች። «ማንም አላየውም ነበር» አለች ቀስ ብላ። ነቀፋም አልነበረም፣ ጥያቄም አልነበረም።

«እኔም አላየሁትም፤ ዳሰስኩት። ዳሳሽ ደግሞ ከየትም ይመጣል።»

ተማሪዋ ያን ቀን ሻይ አላመጣችም። በማግስቱም አላመጣችም። ወደ ኃላፊው ግን የሄዱት አብረው ነው፤ ቀድማ የተናገረችውም ልጅቱ ናት፦ «ሳህኖቹን ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ።» ኃላፊው ቅርፊቱን በማይክሮስኮፕ ብዙ ቆይቶ አየ። «እሾሁ ፎቶው ላይም ነበር» አለ። «መርዘሙን ስፈልግ መርዘሙን ብቻ አየሁ።» ከዚያ ወደ እቴቴ ዞሮ ዓይኗን ለምን እንደደበቀች ጠየቃት።

«ወንበሩን ለሌላ ትሰጡታላችሁ ብዬ።»

ኃላፊው አልካደም። መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፤ ካሰበ በኋላ አዎ፣ እንሰጠው ነበር አለ። የልጅቱ ቀን እንዲራዘም ለፈታኞቹ ደወለ። ስልኩን ሲያስቀምጥ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ ማደሩን ግን የሚወድ የለም» አለ። ማንም አልሳቀም።

ሥራው ከመጀመሪያው ተጀመረ። የምትቆርጠውም የምትቀጥለውም ተማሪዋ ሆነች። እቴቴ ከጎኗ ቆማ ፌንጦቹን በረዶ ላይ ታፈዛለች፣ ታቀብላለች። ሳህኖቹ ለግራ እጅ ተደረደሩ፤ በየሳህኑ ጠርዝ ላይም በጣት የሚዳሰስ የክር ቋጠሮ ታሰረ፤ ይህን ያሰረችው እቴቴ ናት። አሁን ሁሉም እግር በተቀጠለበት ቀን ይለካል። መጀመሪያ ላይ ልጅቱ ብዙ ፌንጣ አበላሸች። ትቸኩላለች፤ ቁራጩን ትጫነዋለች።

«አትግፊው» አለቻት እቴቴ። «የሱ ሥራ ነው መግባት፣ ያንቺ ሥራ መያዝ ነው።»

«እርስዎ እንዴት ነው የሚይዙት?»

«እንደተኛ ሕፃን እጅ። ብትጨብጪውም ይነቃል፣ ብትለቂውም ይነቃል።»

ልጅቱ ሳቀች። ከዚያ ነገር በኋላ የመጀመሪያዋ ሳቅ ነበረች። በማግስቱ ሁለት ብርጭቆ ሻይ መጣ።

እቴቴ ከአንደኛው ዓይኗ ሞራውን አስወጣች። እህቷ ሆስፒታል ድረስ መርፌና ክር ይዛ ሄዳ ነበር፤ ልትፈትናት። ሐኪሙ ፋሻውን ሲፈታ እቴቴ መርፌውን ተቀብላ በአንዴ ሰደደችው። «አሁን ገና ለፌንጦቹ ደስ አለኝ» አለች እህቷ፣ ወደ ግድግዳው ዞራ።

ወደ ቤተ ሙከራው ስትመለስ በር ጠባቂው ፊቱ ላይ ከዚህ በፊት ያላየችው ጠባሳ ነበረው። ኖሮት ኖሮ ነው። ክፍሉ ውስጥ መደርደሪያው አቧራ ነበረው፤ እሱም ኖሮት ኖሮ ነው። ተማሪዋ ማይክሮስኮፑ ላይ አጎንብሳ ነበር። ወንበሩን ለራሷ ቁመት ከፍ አድርጋዋለች። የተወጉት ፌንጦች አድገዋል።

«ረዘመ?» አለች እቴቴ።

«ትንሽ።»

ልዩነቱ በዓይን ብቻ አይለይም፤ ብዙ እግር ተለክቶ ተነጻጽሮ ነው የሚታወቀው። እንደዚያኛው ፎቶ ሰው አያስሮጥም። ተማሪዋ ይህንኑ ጽፋለች። ሩቅ ያለው ቤተ ሙከራ ቦታውን ለሌላ ሰው ሰጥቶ ነበር፤ ልጅቱ ይህን የተናገረችው ሳጥን እያነሣች፣ እንደ ተራ ወሬ አድርጋ ነው። ቢያንስ አንድ ዓመት እዚሁ ትቆያለች። እናቷ አልቅሳለች። እሷ አላለቀሰችም፤ ወይም አልተናገረችም።

ከዚያ ከወንበሩ ተነሣችና እጇን ወደ እሱ ዘረጋች። «ይቀመጡ። አንድ ነገር ያረጋግጡልኝ።»

እቴቴ ወጥታ ተቀመጠች። ወንበሩ ከፍ ብሎ ስለነበር እግሯ መሬት አልነካም፤ ዝቅ ልታደርገው እጇን ሰደደችና ተወችው። ዓይኗን አስጠጋች። መጀመሪያ ብርሃኑ በረታባት። ቀጥሎ ቅልጥሙ መጣ፤ ጉልበቱ፣ መገጣጠሚያው፣ ከመገጣጠሚያው በታች አዲስ የበቀለው መሀል። እያንዳንዱ እሾህ ለብቻው ቆሟል። ሥሩ ይታያል፣ ጫፉ ይታያል።

«ወዴት ነው?» አለች ተማሪዋ ከኋላዋ።

 እቴቴ ከላይ ጀምራ አንድ በአንድ ወረደች።

«ወደ ታች» አለች። «ሁሉም ወደ ታች ነው። ነይ፣ ቦታሽን ያዢ፤ ለእኔ አጠር ያለ ወንበር ይፈለግልኝ።»